ማንም ያልጠየቃት ተማሪዬ

ለውድ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንዴት ነሽ እትዬ? ጤናሽ፣ ወገብሽ፣ ብርድ ሲገባ የሚያስቸግርሽ ጉልበትሽ እንዴት ይዞሻል? እማዬስ እንዴት ናት? መነጽሩን ለመደችው ወይስ አሁንም ግንባሯ ላይ ሰቅላው ቤቱን ሁሉ ስትፈልገው ትውላለች? ጋሽ ሾፌሩ ባለቤትሽ ከመንገድ በሰላም ይገባል? ድንቡሼስ? የፊት ጥርሷ በቀለላት ወይስ አሁንም አፏን በእጇ ሸፍና ነው የምትስቀው? የጥራዝ ቤቱ ሥራ እንዴት ነው? የምረቃ ሰሞን ስለሆነ የመመረቂያ ጽሑፉን ያቀፈ ሁሉ በርሽ ላይ ተኮልኩሎ ለነገ ይድረስልኝ እያለ ሲያዋክብሽ፣ አንቺም ሙጫው እጅሽ ላይ እንደደረቀ ከንፈሩን አይተሽ «ለነገ አይደርስም» ስትዪው ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። አምርረሽ ትዪና ደግሞ ታደርሺለታለሽ፤ ጠባይሽን መች አጣሁት።

እኔም ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምርልሽ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለሁም እትዬ። አልታመምኩም፣ እንዳትደነግጪ። እማዬንም እንዳታስደነግጪያት፤ ለእሷ ይህን ከላይ ያለውን ሰላምታ ብቻ አንብቢላትና የቀረው የሥራ ወሬ ነው በያት። ልቤ ነው የተሰበረው። የሰበረው ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ተራግሜም ተሳድቤም ይወጣልኝ ነበር። የሰበሩት ደጋግ ሰዎች ስለሆኑ ንዴቴን የማሳርፍበት አጣሁ። በስልክ በአጭር በአጭሩ የምንጻጻፈው ደግሞ ይህን አይችለውም፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ወረቀት ያዝኩ።

ዳኛዋ የምንላት ተማሪ አለችኝ። ነበረችኝ ልበል እንጂ። እንደምታውቂው የማስተምረው ስታቲስቲክስ ነው፤ አንቺ የሰው ነገር ቆጥሮ ደመወዝ መብላት የምትዪውን ማለቴ ነው። በዚህ መንፈቅ መጀመሪያ አዲሱን ክፍል ስረከብ ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ዓይኔ ውስጥ ገባች። ቀልድ ቢጤ ጣል ሳደርግ ክፍሉ ይስቃል፤ እሷም ትስቃለች፤ ግን ከሌላው ትንሽ ዘግይታ። መጀመሪያ ግራ ቀኝ ታያለች፣ ሰው ሲስቅ ታያለች፣ ከዚያ ነው የምትስቀው። ያን ሳቅ የት እንደማውቀው ልንገርሽ? ቤታችን እንግዳ ሲመጣ አንቺ የምትስቂው ሳቅ ነው። የዚያን ቀን ምን አስተምሬ እንደወጣሁ ራሴም አላውቅም።

ከሰባተኛ ክፍል የቀረሽበት ዓመት ትዝ አለኝ። ያ ትኩሳት ጆሮሽን ወስዶት፣ መምህሩ ለሰሌዳው እያወራ አንቺ ጀርባውን ስታዪ የዋልሽበት ዓመት። እኔ ትንሽ ነበርኩ፤ ደብተርሽን ስታስረክቢኝ ባዶ ገጽ ስለበዛው ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን መምህሩ እኔ ነኝ፣ የገዛ ጀርባዬንም አላየውም። ስለዚህ ክፍሉን ልቀይረው ብዬ ተነሣሁ። ልጅቷን ለብቻ ጠርቼ ልጠይቃት አስቤ አፌ ላይ ሲደርስ መለስኩት። ያልነገረችኝ እንዳውቅባት ባትፈልግ ነው ብዬ ነው።

ወንበሮቹን በክብ አደረግናቸው። የጽዳት ሠራተኛዋ ማታ ማታ እየተቆጣች በረድፍ ትመልሳቸዋለች፣ እኛ ጠዋት ጠዋት እየጎተትን በክብ እናደርጋቸዋለን፤ ተላምደን ቀረን። ከዚያ ሕግ አወጣሁ። ማንም ጀርባውን ሰጥቶ አይናገርም። መናገር የፈለገ እጁን ያወጣል፣ ሁሉም ሲዞርለት ይጀምራል፣ እስኪጨርስ ማንም አይደርብበትም። የዕለቱ አዳዲስ ቃላት ቀድመው ሰሌዳ ላይ ይሰፍራሉ። በአፉ መጠየቅ የከበደው በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ያቀብላል። ፈተናውንም ቢሆን ያሻው ይጽፋል፣ ያሻው በሥዕል ያሳያል፣ ያሻው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ያስረዳኛል። ጀርባውን የሰጠ ከተገኘ ደግሞ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ፊት!» ብሎ ይጮኽበታል። ከሁሉ የበለጠ የተጮኸብኝ እኔው ነኝ። ዕድሜ ልኬን ከሰሌዳ ጋር ሳወራ ኖሬ በአንድ ጀንበር እንዴት ይልቀቀኝ!

ለአንዷ ብዬ ያመጣሁት ለሁሉም ተረፈ። አንድ የሚንተባተብ ልጅ አለኝ፤ ስሙን ስጠራ እንኳ አቤት ለማለት የሚጨነቅ ነበር። እስኪጨርስ የሚጠብቀው ሰው እንዳለ ሲያውቅ ምን ሆነ መሰለሽ? ለፍላፊ ወጣው! አሁን እኔው ነኝ በቃህ የምለው። የ«ፊት!» ዋና ጯሂ ደግሞ ያቺ ልጅ ሆነች። አንገቱን ዘወር ያደረገ ከእሷ ዓይን አያመልጥም፤ ዳኛዋ የሚለውን ስም ክፍሉ ያወጣላት ለዚህ ነው። ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሚቆረቁራት ግን ማንም አላወቀም፤ ጥብቅ ሰው ናት ብለው ነው። አብራት አንድ ክፍል የምታድረው ጓደኛዋ እንኳ አታውቅም። ስጠራት ትኮራብኛለች እያለች ትቀየማት ነበር።

አንድ ጠዋት ሁሉንም ይዤ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ወጣሁ። ሰዉ ምን ያህል እንደሚጠብቅ መዝግቡና አማካዩን አምጡልኝ አልኳቸው። አወጡት፤ አሥር ደቂቃ። ጨርሰናል ብለው ቦርሳቸውን ሲያነሡ ዳኛዋ እጇን አወጣች። ሁላችንም እስክንዞር ጠበቀችና፣ አሥር ደቂቃ የጠበቀ ሰው እኮ የለም፣ ግማሹ እንደደረሰ ተሳፈረ፣ ግማሹ ፀሐይ ላይ ሃያ ደቂቃ ተገተረ፣ ይህ አማካይ የማንም አይደለም አለችን። እኔ ያን ለማስረዳት ሳምንታት ነው የሚፈጅብኝ። አንድ ቀልደኛ ተማሪዬ ተከራከራት፣ እሷም አልለቀቀችውም፤ እስከ ግቢው በር ድረስ ሲጨቃጨቁ ደረስን። በመጀመሪያው ፈተናም አንደኛ ወጣች። ስትመረቅ ተጨማሪ ተምራ እንደኔ ማስተማር እንደምትፈልግ የነገረችኝ ያኔ ነው። ላንቺ ምን እደብቅሻለሁ፤ ማታ ቤቴ ገብቼ በደስታ አለቀስኩ። እሷን ባየሁ ቁጥር አንቺን ጋዋን አልብሼ ሳስመርቅሽ ነበር የምውለው።

ችግሩ የጀመረው ወሬው ሲወጣ ነው። ግቢያችን ውስጥ የማስተማር ማሻሻያ የሚባል ቢሮ አለ። እዚያ የምትሠራ አንዲት ሴት አለች፤ ሁልጊዜ አንድ አዲስ ነገር በብብቷ ይዛ ስለምትዞር ባለ ፕሮጀክቷ ነው የምንላት። መጥታ ክፍሌ ውስጥ ተቀመጠች፣ አየች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አካታች ማስተማር እያልን በስብሰባ የምንደክምበት ይኸው እዚህ አለ አይደል ወይ አለች። ስንወጣ እጄን ያዝ አድርጋ፣ ያቺ ልጅ አትሰማም እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ራሷን ጠይቂያት፣ እኔ የምነግርሽ ነገር የለኝም አልኳት። ገባኝ፣ ገባኝ አለችኝ። አልጠየቀቻትም እትዬ። የገባት ሌላ ነገር ኖሯል።

ክፍል ኃላፊያችንም ነገሩን ወደደው። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ጠመኔ ሲያልቅ ከገዛ ኪሱ የሚገዛ ሰው ነው። መምህራን ሁሉ የሚታደሙበት፣ ከሌላም ቦታ እንግዶች የሚጠሩበት የልምድ ማካፈያ ቀን ቆረጡ። ለእኔ የተነገረኝ ተማሪዎችሽን ይዘሽ ነይ፣ ሕጎቹን ታስረጃለሽ የሚል ብቻ ነበር። ልጆቹ ደስ አላቸው። ዳኛዋም ጸጉሯን ተሠርታ መጣች።

አዳራሹ ውስጥ ስንገባ አስተናጋጆቹ እሷን ብቻ ነጥለው ከፊት ለብቻው በተቀመጠ ወንበር ላይ አስቀመጧት። አንደኛ ስለወጣሁ ነው ብላ ይመስለኛል፣ ዞር ብላ ፈገግ አለችልኝ። ከዚያ ኃላፊያችን ንግግር ጀመረ። ምስሉ እንዲታይ ብለው መብራቱን አጠፉት። እሱም ወደ ምስሉ ዞሮ፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ፣ ጀርባን ሰጥቶ መናገር ነውር መሆኑን ያስረዳል! እግዜር ያሳይሽ። ቀልደኛው ልጅ ከኋላ «ፊት!» ብሎ ጮኸ፣ ክፍሌ በሳቅ ፈረሰ፣ እንግዶቹ የደስታ ጩኸት መስሏቸው አጨበጨቡ። እኔም ስቄያለሁ፣ ልዋሽሽ አልችልም። በዚያ ጨለማ ውስጥ የማንንም ከንፈር የማታይ አንዲት ልጅ ከፊት ተቀምጣ እንደነበር የታወሰኝ ሳቄን ስጨርስ ነው።

መብራቱ ሲበራ ባለ ፕሮጀክቷ መድረኩ ላይ ነበረች። ድምፅ ማጉያውን አፏ ላይ ለጥፋዋለች፤ ከንፈሯ አይታይም። የዳኛዋን ሙሉ ስም ጠራች። መስማት የተሳናት ሆና ሳለ አንደኛ የወጣች፣ ይህን ሁሉ ለውጥ ያመጣችልን ጀግናችን ብላ ተናገረች። አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ዳኛዋ ግራ ቀኝ አየች። ሰው ሲያጨበጭብ አየች። እሷም ተነሥታ አጨበጨበች። ለማን እንደሆነ ሳታውቅ፣ እየሳቀች፣ እጇ እስኪቀላ። እትዬ፣ እኔ ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ የአባታችንንም ቀብር አይቻለሁ፤ እንዲህ አንጀቴን የቆረጠው ነገር ግን የለም።

ይህም አልበቃ ብሎ ለክብሯ ተብሎ የመጣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ፊቷ ቆመና እጆቹን ማንቀሳቀስ ጀመረ። እሷ ደግሞ የምልክት ቋንቋ አታውቅም። እንዳንቺ ከቤቷ ከከንፈር ነው የለመደችው፤ ይህን ለማወቅ አንዲት ጥያቄ ትበቃ ነበር። እጆቹን አየች፣ የቆመውን ሰው ሁሉ አየች፣ ያን ጊዜ ገባት። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ለመጥፋት እንኳ ጊዜ አላገኘም፤ እዚያው ደርቆ ቀረ። ቀድሞ የነቃው አስተርጓሚው ነበር፤ እጆቹን አወረደና በከንፈሩ ብቻ ቀስ ብሎ ይቅርታ አላት። እሷ መጀመሪያ ጓደኛዋን አየች፣ ቀጥሎ እኔን አየችኝ። አበባ ይዘው ሲመጡ ተቀበለችና ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ወጣች።

እኔ ጅሏስ ምን አደረግኩ? ተነሥቼ ተከትያት ሮጥኩ። ግቢው በሰው ተሞልቷል፣ እሷ ወደ በሩ እየሄደች ነው። ስሟን እየጠራሁ ጮኽኩ። አስቢው እስቲ፤ ከኋላዋ ሆኜ፣ ስሟን እየጠራሁ! ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል፣ እሷ ብቻ ትሄዳለች።

ከዚያ በኋላ ክፍል የመጣችው አንድ ቀን ብቻ ነው። ክፉ ያሰበባት አልነበረም። ይልቅስ ሁሉም ለእሷ ቸር ሆኖ ቁጭ አለ። አንዱ ቦርሳዋን ይቀበላታል፣ ሌላዋ አፏን እስከ ጆሮዋ ከፍታ እንደ ሕፃን ታናግራታለች። እጇን ስታወጣ ክፍሉ እንደ ለቅሶ ቤት ጸጥ አለ። ቀልደኛው ልጅ ሊከራከራት አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። አንዲት ስሌት ስትሳሳት ማንም አላረማትም። እኔም አላረምኳትም እትዬ፤ ልቤ እምቢ አለኝ። የተሳሳተውን ቁጥር ራሷ አይታ፣ ራሷ ሰርዛ፣ ደብተሯን ከደነች።

ለመጨረሻው ፈተና ጥቂት ሳምንት ሲቀራት ቢሮዬ መጣች። ትምህርቷን ለማቋረጥ የመምህር ፊርማ ያስፈልጋታል። በፊቴ ተቀመጠች፤ መብራቱን ወደ ራሴ አዞርኩት፣ ከንፈሬን እንድታይ። ለመንኳት። ቢያንስ ይህን ፈተና ተፈትነሽ ሂጂ አልኳት፣ ኃላፊውን ይቅርታ አስጠይቅልሻለሁ አልኳት፣ ሌላ ክፍል ላዛውርሽ አልኳት። ማንንም አልተቀየምኩም አለችኝ። ከዚያ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ብላ፣ ሕጎቹን ያወጧቸው ለኔ ብለው ነበር ወይ አለችኝ።

ልዋሻት ፈልጌ ነበር። ግን ሊዋሽ የተሰናዳ ከንፈር እንዴት እንደሚታወቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እሷም ታውቀዋለች። አዎ፣ መጀመሪያ ላንቺ ብዬ ነው፣ በኋላ ግን ለሁሉም ሆነ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ለሁሉም መስሎኝ ነበር አለች። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳያዝንልኝ አንደኛ የወጣሁበት ክፍል ነበር፣ ከእንግዲህ ብወጣም ጎሽ የሚሉት ለጆሮዬ ነው አለችኝ። ይህን ስትል አላለቀሰችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ መሐረብ ያቀበለችኝ እሷ። ፈረምኩላት። በማግሥቱ ጓደኛዋ ሻንጣዋን ይዛላት አሳፍራት ተመለሰች፤ እያለቀሰች፣ ስጠራት ትኮራለች እያልኩ እንዴት አማኋት እያለች።

ባለ ፕሮጀክቷ ቢሮዬ የመጣችው በሳምንቱ ነው። ያፈሰስኩባትን ስድብ ብትሰሚ ታፍሪብኝ ነበር። ስታለቅስ ቆይታ፣ ደስ እንዲላት ብዬ እኮ ነው፣ ድንገት ሲሆን ነው ደስ የሚል ብዬ ነው አለችኝ። ይህንኑ ቃል፣ አንዲት ሳይጨመር ሳይቀነስ፣ ከራሴ አፍ ሰምቼዋለሁ። ባለፈው ለጋሽ ሾፌሩ ስደውል ነው ያልኩት።

እንግዲህ ልንገርሽ። ከቤታችሁ አጠገብ ባለው የማታ ትምህርት ቤት አስመዝግቤሻለሁ፤ ካቆምሽበት ከሰባተኛ። ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋግሬ ወንበሮቹን በክብ ሊያደርጉልሽ፣ ፊት ለፊት ሊያናግሩሽ ቃል አስገብቼያቸዋለሁ። ለእረፍት ስመጣ፣ ዘመድ እንጠይቅ ብዬ አስለብሼሽ ልወስድሽ ነበር። ጋሽ ሾፌሩ እማዬንና ጎረቤቱን ቀድሞ ሊያደርስ፣ ድንቡሼ አበባ ልትሰጥሽ፣ ርዕሰ መምህሩ ንግግር ሊያደርግ። አዎ፣ ንግግር! አትንገራት፣ ድንገት ሲሆን ነው ደስ የሚላት ብዬ ጋሽ ሾፌሩን ያስማልኩት እኔ ነኝ። እሱ ምስጢር አይችልም፤ ምናልባት አምልጦት እስካሁን ነግሮሽ፣ አንቺም ለኔ ብለሽ እንዳላወቀ ሆነሽ ይሆናል። ሆነሽ ከሆነ አትንገሪኝ፤ አፍሬ አልቻልኩም።

አበባውንም ንግግሩንም አስቀርቻለሁ። ምዝገባውን ግን አልሰረዝኩትም፤ መሰረዙም ሳልጠይቅሽ ሊሆን ነውና። ይኸው ይህን ሁሉ ዓመት ስላንቺ አዘንኩ፣ ስላንቺ ተቆጣሁ፣ አንቺን እያሰብኩ የሰው ልጅ አስተማርኩ፤ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አልጠየቅኩሽም። አሁን ልጠይቅሽ። መማር ትፈልጊያለሽ? ወይስ ያኔ ትተሽው፣ ጥራዝ ቤትሽን ወደሽ፣ በሰላም የምትኖሪውን ሰው እኔ ነኝ በናፍቆቴ የምነዘንዝሽ? አልፈልግም ካልሽ ለምን አልልሽም። እፈልጋለሁ ካልሽም ከበሩ አላልፍም፤ እንዴት መሆን እንዳለበት አንቺው ትነግሪያቸዋለሽ። ለዳኛዋም ልጽፍላት ወረቀት አውጥቼ ነበር። ምን ብዬ እንደምጠይቃት ስላላወቅኩ ካንቺ ጀመርኩ።

እማዬን ጉልበቷን ስሚልኝ፤ ልጅሽ ሥራ በዝቶባት ነው በያት። ለጋሽ ሾፌሩ ሰላምታዬን አድርሺ፣ ስለ ደበቀሽ አትቆጪው፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ረጅሙ ልጅሽ ቁመቱን ተወት አድርጎ ትምህርቱን ይያዝ፤ ድንቡሼን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ጥራዝ ቤት አብራሽ የምትሠራዋን ባልደረባሽንም፣ እናታችንን የምትጠይቀዋን ጎረቤታችንንም እንደየስማቸው ሰላም በዪልኝ። አንቺን ግን በወረቀት መሳሙ አይበቃኝም።

ለፍላፊዋ እህትሽ

ከመምህራን መኖሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ሰኔ 9 ቀን